የአራሚዋ አያት

እናቷ በሞተች በማግስቱ ጠዋት አራሚዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ገብታ የቀብር ቅጽ ለመሙላት ተቀመጠች። አራሚ የሚሏት በሥራዋ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሌላው የጻፈውን እያነበበች፣ የተገደፈውን ፊደል እየመለሰች፣ የተደገመውን እየሰረዘች የኖረች ሴት ናት። ጎረቤቱም ዘመዱም ስሟን ትቶ በሥራዋ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። ባሏ ሰዓት ሠሪው ሊያስቃት ሲፈልግ፣ “እኔን ያገባችኝ ሥራ እንዳትፈታ ብላ ነው፤ ስሕተቴ አያልቅማ” ይል ነበር።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የሟች ስም፣ ዕድሜ፣ የሞቱ ምክንያት፣ የመኖሪያ አድራሻ። ሁሉንም በወጉ ሞላች። “የሟች እናት ስም” ከሚለው ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋ ቆመ። አታውቀውም። ሃምሳ ሰባት ዓመት በምድር ላይ ስትኖር የአያቷን ስም አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም።

“ባዶ አይተውም እመቤቴ” አላት መዝገብ ጠባቂው፤ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ። “ካልታወቀ ሰረዝ ይደረግበታል።” ቅጹንም ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ በማስመሪያ ቀጥ ያለ ሰረዝ አሰመረበት።

በዚያን ዕለት ስለ ሰረዙ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ እናቷን ቀበረች። ሐዘንተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ግን ያቺ ሰረዝ እንደ ዓሣ አጥንት ከጉሮሮዋ ተሰነቀረች።

እናቷ ዝምተኛ ሴት አልነበረችም። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ መጥረጊያዋን ተደግፋ ከአስተማሪው ሁሉ ጋር ስትቀልድ ነው የኖረችው። ስለ ልጅነቷ ሲነሳ ግን በሩ ይዘጋል። “እናቴ እኔን ስትወልድ አረፈች። አባቴም ብዙ አልቆየም። አክስቴ አሳደገችኝ፤ በቃ።” አራሚዋ ልጅ ሳለች ደጋግማ ብትጠይቃት አንድ ቀን፣ “ሞተች አልኩሽ እኮ ልጄ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው” ብላት ተነስታ ወጣች። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም።

ሐዘኑ ሁለት ወር ሲሞላው አራሚዋ ከሥራ ስትወጣ መንገዷን ቀይራ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሽማግሌውን ሰዉ ሁሉ “ጋሼ መዝገብ” ይለዋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የማይከፈት አንድ መስኮት፣ ሦስት የብረት ቁም ሣጥን፣ አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ።

“የአያቴን ስም ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ” አለችው። “ሰረዝ ያሰመሩባትን።”

“እኔ ነኝ ያሰመርኩባት?” አለ ማስነጠሱን በመሐረብ እየያዘ። “እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንበል። ይኸውልዎ፣ ሰው እዚህ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ክርስትና ሲነሳ፣ ሲያገባና ሲቀበር። ሁለቱን የዘለለ አለ። ሦስተኛውን የዘለለ አላየሁም።”

መጀመሪያ ያወጣላት የእናቷ የትውልድ ዘመን የክርስትና መዝገብ ነበር። ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ቀለሙ ወደ ቡኒ የዞረ ትልቅ ደብተር። አራሚዋ በሥራዋ ልማድ መስመር ዘልላ ማንበብ አታውቅበትም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። በአራተኛው ቀን የእናቷን ስም አገኘች። ከጎኑ የአባት ስም፣ ሥራ፦ አናጢ። የእናት ስም፣ ሥራ፦ ልብስ አጣቢ። መኖሪያ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

የአያቷን ስም በጣቷ ጫፍ እየነካች ሦስት ጊዜ አነበበችው። በንጉሡ ሠ የሚጀምር አጭር ስም ነበር። ጋሼ መዝገብም የእናቷን የቀብር ገጽ አውጥቶ ከሰረዙ በላይ ስሙን በቀጭን ጽሕፈት አሰፈረላትና ፊርማውን አኖረበት።

እዚህ ላይ ቢበቃት ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ግን አራሚ ናት። አያቷ በወሊድ ከሞተች የቀብሯ መዝገብ ከክርስትናው ቀን አጠገብ መገኘት አለበት፤ ሁለቱን ቀን አስተያይታ ልታርፍ ፈለገች። የዚያን ዓመት የቀብር መዝገብ ማውጫ አነበበች። የለችም። የሚቀጥለውን ዓመት አነበበች። የለችም።

“ምናልባት በእሳቱ ሰ ጽፈዋት ይሆናል” አላት ጋሼ መዝገብ። “ማውጫው በፊደል ተራ ነው። ጸሐፊው ሲለወጥ ፊደሉም ይለወጣል። የእኔን የራሴን ስም አንዱ ጸሐፊ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ጽፈውት ሁለት ሰው ሆኜ ኖሬአለሁ።”

በእሳቱ ሰ ሥርም ፈለገች። አምስት ዓመት ወደፊት፣ ለጥንቃቄም አንድ ዓመት ወደኋላ። የለችም።

ያገኘቻት ባልፈለገችበት ቦታ ነው። አንድ ረቡዕ ከሥራ በኋላ፣ ዓይኗ ደክሞ የክርስትናውን መዝገብ እንዲሁ ስታገላብጥ፣ እናቷ ከተወለደች ሁለት ዓመት በኋላ የተጻፈ አንድ መስመር ላይ ዓይኗ ቆመ። ወንድ ልጅ። አባት፦ አናጢ። እናት፦ ልብስ አጣቢ። መኖሪያ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። የእናትየው ስም ያው የአያቷ ስም ነው፤ በእሳቱ ሰ ተጽፎ።

“ሞክሼ ትሆናለች” አለች ለራሷ ጮክ ብላ።

ጋሼ መዝገብ መነጽሩን አውልቆ መጣና ከትከሻዋ በላይ አየው። “በአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሁለት አናጢ፣ ሁለት ልብስ አጣቢ፣ ባንድ ስም? እርስዎ በማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣልዎ ምን ያደርጋሉ?”

“የተደገመ ነው ብዬ አንዱን እሰርዛለሁ።”

“እንግዲህ አንድ ሴት ናታ” አላት ቀስ ብሎ።

አንድ ሴት ከሆነች እናቷን ስትወልድ አልሞተችም ማለት ነው። አራሚዋ ደብተሩን ዘግታ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ አልተመለሰችም፤ ሳምንቱንም ሙሉ። እናቷ የዋሸቻት መሆኑን ካወቀች በኋላ የቀረውን ለማወቅ መፈለጓን እርግጠኛ አልነበረችም። ባሏ፣ “ምነው ዝም አልሽ?” ሲላት፣ “ዓይኔን አሞኝ ነው” አለችው።

ስትመለስ ነገሩ በፍጥነት ተከታተለ። ልጁ በተወለደ በአሥራ አንድ ወሩ ተቀብሯል፤ “ቀባሪ፦ አባትና እናት” ይላል። እናቷ ወንድም ነበራት፤ ስለ እሱም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል ምንም የለም። እናቷ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ጊዜ ደግሞ አናጢው አያቷ ከሰገነት ወድቆ ተቀበረ። በዚያ መስመር ጠርዝ ላይ ጸሐፊው በጥቃቅን ፊደል አንድ ነገር ጨምሮበታል፦ “ሚስቱ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ከከተማ ውጭ ባለው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ትገኛለች። በቀብሩ አልተገኘችም።”

ጋሼ መዝገብ አነበበውና ከወንበሩ ላይ ረጋ ብሎ ተቀመጠ። መነጽሩን በመሐረቡ ጠረገ።

“እዚያ ጸሎት ቤት ነበራቸው” አለ በመጨረሻ። “መዝገባቸውም የራሳቸው ነው። የእነሱን ሙታን እኛ ዘንድ አንጽፍም ነበር።”

“ለምን?”

“በቀለም ይጋባል ብለው ፈርተው ይሆናላ” አለ፤ ቀልዱ ግን ለራሱም አልጣመውም።

ወደዚያ የሄደችው በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዋን ነው። ከአውቶቡሱ መጨረሻ ማቆሚያ ወርዳ፣ የጡብ ፋብሪካውን አጥር ታክካ ግማሽ ሰዓት በእግሯ ተጓዘች። ግንቡ ረጅም ነው፤ በሩ ግን ዛሬ አይዘጋም። ከግቢው ግማሹ የአናጢነት ማሠልጠኛ ሆኗል፤ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል። በሌላው ግማሽ ቁጥር የተጻፈባቸው ክፍሎች በተርታ ቆመዋል፤ ከፊት ለፊታቸው የጎመንና የካሮት መደብ አለ። መደቡን አንዲት አሮጊት ትኮተኩታለች። ጣቶቿ እስከ ሁለተኛው አንጓ ያጠሩ ናቸው፤ መኮትኮቻውን በመዳፏና በክንዷ መካከል አጣብቃ ነው የምትይዘው። ሰው መምጣቱን ስታይ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

“ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?”

“እዚህ የኖረች አንዲት ሴት ነበረች፣ እማማ። ከሞተች ብዙ ዘመን ሳይሆናት አይቀርም።” አራሚዋ የአያቷን ስም ተናገረች። ስሙን ለሰው ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አትክልተኛዋ መኮትኮቻዋን አስቀመጠችና ጠጋ ብላ ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ አየችው።

“ፊደል አስተማሪዋ ነሽ?” አለቻት።

“ምን?”

“እናቷን ፊደል ያስቆጠረቻት። የልጅ ልጇ። አንቺ ነሽ አይደል?”

አራሚዋ ከመደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እውነት ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷን ከማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊደል አስተምራታለች። እናቷ፣ “በጣቴ መፈረም ሰለቸኝ፤ ስሜን ልጻፍ” ብላት ነበር የጀመሩት። ይህን ከሁለታቸው በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን አስባው አታውቅም።

“ሞታለች እናትሽ?” አለች አትክልተኛዋ።

“አምስት ወር ሆናት።”

“ነፍሷን ይማር። እኔ እኮ እሷ ትመጣለች ብዬ ነበር የምጠብቀው።” ከዚያም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ “ነይ ወደ ጥላው” አለቻት።

አትክልተኛዋ ወደዚህ ቤት የመጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያሳደገቻት የአራሚዋ አያት ነበረች፤ ከራሷ ልጅ የተነጠቀች እናት ከእናቷ የተነጠቀችውን ልጅ አቀፈች። አያቷ እዚህ አርባ ሁለት ዓመት ኖራለች። መድኃኒቱ ሲመጣ ወስዳ ድናለች፤ ሐኪሙም መሄድ ትችያለሽ ብሎ ወረቀት ጽፎላት ነበር። “‘ወዴት?’ አለችው” አለች አትክልተኛዋ። “‘በሽታው ድኗል ዶክተር፤ ስሙ ነው ያልዳነው’ ብላ ወረቀቱን ትራሷ ሥር ከተተችው።”

“ምን ዓይነት ሰው ነበረች?”

“ተንኮለኛ” አለች አሮጊቷ፤ ፊቷም በራ። “ዳማ ስትጫወት ታጭበረብራለች። ጠጠሩን በክንዷ ገፋ አድርጋ፣ ‘እጄ እኮ በሽተኛ ነው፣ ስቶብኝ ነው’ ትላለች። ስትስቅ እስከዚያ ክፍል ድረስ ይሰማል። ማልቀስ ስትፈልግ ደግሞ ልብስ ታጥባለች። በዚያ እጇ። ማንም እንዲያግዛት አትፈቅድም።”

እናቷ ትልቅ ሰው ከሆነች ጀምሮ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። አራሚዋ እነዚያን ቅዳሜዎች ታውቃቸዋለች፤ “የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ” እያለች የምትወጣባቸው ቀኖች ናቸው። ሳሙና፣ ክር፣ አንዳንዴም የልጇን የትምህርት ውጤት ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ወረቀቱን አያቷ ማንበብ አትችልም፤ ግን ወደ ብርሃን አድርጋ ታየዋለች። አራሚዋ ከትምህርት ቤት ስትመረቅ የተነሳችው ፎቶግራፍ ከአያቷ አልጋ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

“ለምን አላመጣችኝም?” አለች አራሚዋ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነባት።

“እናትሽማ ልታመጣሽ ብዙ ጊዜ ፈልጋለች። እምቢ ያለችው አሮጊቷ አያትሽ ናት። ‘ልጅቷ ትዳር ትያዝ መጀመሪያ። እኔን ያወቀ አማት ልጁን አይሰጣትም’ ትላለች። አንቺ ስትታጪ እናትሽ እያለቀሰች መጣች። ‘እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይተዉት’ አለች። አሮጊቷ ተቆጣቻት። ‘እኔ ልጄን በዓይኔ እያየሁ ሳላሳድግ ቀርቻለሁ፤ የአንቺን ልጅ ደግሞ ትዳር ልንሳት?’ ከዚያ ተስማሙ። ሠርጉ ያልፋል፤ በሳምንቱ አንቺን ይዛሽ ትመጣለች። አሮጊቷ አዲስ ቀሚስ አሰፍታ ነበር።”

“መጣሁ ታዲያ?” ብላ ጠየቀች አራሚዋ፤ መልሱን እያወቀችው።

አትክልተኛዋ ተነስታ ወደ ጸሎት ቤቱ ወሰደቻት። ከመሠዊያው ጀርባ ባለ ሣጥን ውስጥ የቀብሩ መዝገብ ነበር፤ በሰማያዊ ጨርቅ የተለበጠ ቀጭን ደብተር። አሮጊቷ ገጹን ሳትፈልግ ከፈተችው።

ስሙ በንጉሡ ሠ ተጽፏል። ዕድሜ፦ ስልሳ ሰባት። የሞት ምክንያት፦ የሳንባ ምች። ቀባሪ፦ ልጅ። ከዚያም ፊርማ። አራሚዋ ፊርማውን ለማወቅ ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። እናቷ እስከ ዕለተ ሞቷ ረን ፊቱን ወደ ግራ አዙራ ነው የምትጽፈው፤ ስንት ጊዜ አርማታለች፣ አልተስተካከለም። እነሆ እዚህም ረው ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

ቀጥላ ቀኑን አየችው። ሐሙስ ነው። ያ ሐሙስ በየትኛው ሳምንት እንደ ዋለ ለማስላት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት፤ ሲገባት ደብተሩን በሁለት እጇ ያዘችው። እሷ ያገባችው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ያን ሐሙስ ታስታውሰዋለች። የሙሽራ ልብሷን የምትለካበት ቀን ነበር። ከልብስ ሰፊዋ ቤት በመርፌ የተወጋጋ ልብስ ለብሳ፣ ከወንበር ላይ ቆማ፣ እናቷን ሁለት ሰዓት ጠበቀቻት። እናቷ ስትመጣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር፤ ጸጉሯን ዝናብ አበላሽቶታል፤ ፊቷ አብጧል። ሙሽራዋም በልብስ ሰፊዋ ፊት ተቆጣቻት። “ለአንድ ቀን እንኳ እኔን ብታስቀድሚ ምን ነበረበት? እስቲ ራስሽን እዪው፤ ሰው የሞተብሽ እኮ ነው የምትመስይው።”

እናቷ ምን ነበር ያለቻት? “ይቅርታ ልጄ፤ ዝናቡ ያዘኝ። እስቲ ዙሪ፣ ጀርባውን ልየው።” እጥፋቱን አስተካከለችላት፤ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለችላት። ቅዳሜ ዕለት ሠርጉ ላይ እንባዋ ሲወርድ እንግዳው ሁሉ፣ “ልጅ መዳር እኮ ያንሰፈስፋል” እያለ አጽናናት። እሷም እየሳቀች፣ “አዎ፣ ያንሰፈስፋል” አለች።

አራሚዋ ከጸሎት ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የእናቷን ሐዘን ስታለቅስ እንደከረመች ታስብ ነበር፤ አሁን ያ ሁሉ እንባ ለማታውቃት ሴት የፈሰሰ ሆኖ ተሰማት። አትክልተኛዋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እንዳታለቅስ አልነገረቻትም።

“ከዚያስ ለምን አልነገረችኝም?” አለች በመጨረሻ። “ካገባሁ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል።”

“እኔም ጠይቄአታለሁ። ‘አሁንማ ማንን ላሳያት? መቃብር?’ አለችኝ። አንድ ዓመት ያህል እየመጣች አበባ አኖረች። ከዚያ ቀረች። አልፈርድባትም።”

“ፎቶግራፉስ?”

“አብሯት ነው የተቀበረው። እናትሽ ናት ከደረቷ ላይ ያኖረችላት።”

መቃብሩ ከአትክልቱ ጀርባ ነው። ድንጋይ የለውም፤ ቁጥር የተመታበት የብረት ዘንግ ብቻ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። አራሚዋ ቁጥሩን በጣቷ ጫፍ ነካችው። በመጨረሻ፣ “አያቴ” አለች፤ ቃሉ በአፏ ውስጥ አዲስ ነበር።

ለባሏ የነገረችው ሰኞ ዕለት ከሰዓት ማደሻው ሱቅ ሄዳ ነው፤ ቤት ውስጥ ልትነግረው አልፈለገችም። ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ ሳያወርድ ያዳምጣት ጀመር፤ ወደ መሀል ስትደርስ አወረደው።

“እናትህ ያኔ ብታውቅ ኖሮ?” አለችው።

“እናቴማ አጥንት ቆጥራ ነው እሺ ያለችው፤ ታውቂያለሽ። ትከለክል ነበር።”

“አንተስ?”

በጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የሰዓት ጥርስ በጣቱ ሰበሰበ። “ልዋሽሽ እችላለሁ” አለ። “አላውቅም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እናቴንም እፈራ ነበር። ጎበዝ አልነበርኩም።”

እውነቱን ስለነገራት ልታመሰግነው ይገባት ነበር፤ ግን አልቻለችም። ሁለት ሳምንት ያህል ከ“ብላ” እና “በሩን ቆልፈው” የዘለለ ቃል አልተለዋወጡም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጫማውን ወልውሎ ከበር ላይ ቆሞ ጠበቃት። “እኔም ልምጣ” አላት። አብረው ሄዱ። አትክልተኛዋ ከጎመኑ መሀል ቀና ብላ እጇን ስትዘረጋለት፣ ሰዓት ሠሪው የራሱን እጅ ከመስጠቱ በፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ዘገየ። ከዚያ በሁለት እጁ ጨበጣት። መዘግየቱን ግን አሮጊቷ አይታዋለች፤ አራሚዋም አይታዋለች። ሰውየውም ራሱ አይቶታል። በመልሱ መንገድ፣ ከአውቶቡሱ ውስጥ፣ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያየ፣ “በዚህ ዕድሜዬ” አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አራሚዋም ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን እላዩ ላይ አኖረችው።

ልጃቸው በሌላ ከተማ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። በወሩ መጨረሻ እሑድ ስትመጣ እናቷ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ልጅቷ ሳህን እያደራረቀች አዳመጠች።

“እማዬ፣ ሥጋ ደዌ እኮ ዛሬ በክኒን ነው የሚድነው” አለች። “ስድስት ወር፣ ግፋ ቢል ዓመት። እኛ ዘንድም መጥተው ይወስዳሉ፤ ከራስ ምታት መድኃኒት ለይቼ እንኳ አላየውም። ለዚህ ነው አርባ ሁለት ዓመት?”

“ለዚህ ነው።”

“እኔ አይገባኝም” አለች ልጅቷ። ክፋት አልነበረባትም፤ በእውነት አልገባትም። ሳህኑን በመደርደሪያው ላይ አኖረችና ሌላ አነሳች። ሁለት ሴቶች ዕድሜያቸውን የከፈሉበት ምሥጢር አንድ ሳህን በሚደርቅበት ጊዜ ውስጥ ተነግሮ አለቀ። አራሚዋ ይህ ሊያስደስታት እንደሚገባ ታውቃለች። የከበዳት ግን ይኸው ነበር።

“አያቴስ ምን ነክቷት ነው የደበቀችሽ?” አለች ልጅቷ ቆይታ። “ያኔ ነግራሽ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትሄጂ ነበር፤ አይደል እማዬ? ሠርግ ምናምን ሳትይ?”

አራሚዋ “እንዴታ” ልትል አፏን ከፈተች። ከልብስ ሰፊዋ ቤት ወንበር ላይ የቆመችው የሃያ ስድስት ዓመት ሙሽራ፣ ስለ ጫማ ጭቃ የተቆጣችው፣ በዓይኗ ላይ መጣች። አፏን መልሳ ገጠመች። ልጅቷ መልስ ስትጠብቅ ቆይታ፣ እናቷ ያዘነች መስሏት ፎጣውን አስቀምጣ አቀፈቻት።

“ተይው እማዬ፣ ተይው። ማንም አላጠፋም” አለቻት ጀርባዋን እያሻሸች።

አራሚዋ ከእቅፏ ወጥታ ፎጣውን አነሳችና ጀርባዋን ሰጥታ የቀረውን ሳህን ታደርቅ ጀመር።